የ6 በ4 የመሣሪያ ክፍል ከቅየሳ እስከ ክዳን፦ የአናጢነትና የግንባታ ሥልጠና የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የሚቆም የመሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል ነው። የውጭ ልኩ 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ጣሪያው በባህር ዛፍ ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከም ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ) ላይ የሚመታ ቆርቆሮ። 12 ሰልጣኞች አሉበት፤ ቅየሳውን፣ ግንቡን፣ ብረቱንና እንጨቱን በየተራ ይይዛሉ። ቁጥሮቹ ሁሉ ሳይቱ ላይ በሜትር የተያዙ ናቸው።

ይህ ክፍል ለመለማመጃ የተመረጠው ትንሽ ሆኖ ሁሉንም ስለያዘ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ሲሠራ የከረመ ሰልጣኝ የግንባታ ሳይት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ፎርምወርክ (አርማታ የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ነው፤ እሱን በእጁ ካልሠራው የላጋው እንጨት ማማር ብዙም አያግዘውም። በአናጢ፣ በግንበኛና በፌሮ (የአርማታ ብረት) ሠራተኛ መካከል ያለው ቅብብሎሽም የሚታየው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው። የአንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ስህተት ለሚቀጥለው የግማሽ ቀን ሥራ ይሆንበታል።

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ቅየሳ።

መጀመሪያ የአንዱ ረጅም ጎን ሲባጎ ተወጠረ፤ 6.00 ሜትር። ማዕዘኑ በ3፣ 4፣ 5 ተያዘ፦ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ምልክት ተደርጎ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ሲሆን ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። አራቱ ካስማዎች ከተተከሉ በኋላ አራቱም ጎኖች ትክክል ነበሩ፤ 6.00፣ 4.00፣ 6.00፣ 4.00። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጎን ትክክል ሆኖ ቤቱ ዘመም ሊል እንደሚችል የሚያሳየው ሰያፉ (ዲያጎናሉ) ነው።

የ6 በ4 ሰያፍ 7.211 ሜትር መሆን አለበት። የተገኘው 7.196 እና 7.226 ነው፤ ልዩነቱ 3 ሳንቲ ሜትር። ካስማውን 3 ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ግን ስህተት ነው። አንዱ ረጅም ጎን በመስመሩ ላይ ሲንሸራተት አንዱ ሰያፍ ያጥራል፣ ሌላው ይረዝማል፤ ስለዚህ ልዩነቱ እጥፍ እየሆነ ነው የሚታየው። ለዚህ ልክ ሒሳቡ 1.8 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። የአንዱ ረጅም ጎን ሁለት ካስማዎች አብረው በ1.8 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙን ሰያፍ በሚያሳጥረው አቅጣጫ ተገፉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም 7.21 አነበቡ።

ሌላው ያጋጠመው የሜትሩ ጫፍ ነው። የሜትር መንጠቆ ከውጭ ሲያዝና ከውስጥ ሲገፋ በራሱ ውፍረት ልክ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የላላ መስሎት በመዶሻ የሚያጠብቅ ሰው ሜትሩን ያበላሻል። መንጠቆው የተጣመመ ሜትር ሲኖር ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር ምልክት ጀምሮ መለካትና በመጨረሻ 10 መቀነስ ነው። ቡድኑ ይህን ሲያደርግ መቀነሱን የረሳ አንድ ሰው ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነብና የሚጽፍ ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥር 16፣ ዓርብ። እንጨት ገባ።

13 የባህር ዛፍ አጣና፣ እያንዳንዱ 6 ሜትር፣ ወፍራሙ ጫፍ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭኑ 8። ጣሪያው እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚቀሩ እንጨቱ ቀድሞ የተገዛው እንዲደርቅ ነው። ቅርፊቱ በዚያው ቀን ተላጠ፤ ሲያድር ይጣበቃል፣ በሥሩም እርጥበቱና ነፍሳቱ ይቀራሉ። ከዚያ በዳስ ጥላ ሥር፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየረድፉ መካከል ቁራጭ እንጨት ገብቶ ተደረደረ። ጫፎቹ ላይ የተቃጠለ ዘይት ተቀባ፤ ጫፍ ከመሃሉ ፈጥኖ ስለሚደርቅ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

የቁጥሩ ሒሳብ ይህ ነው። ትረሱ 5 ነው። ከአንድ 6 ሜትር አጣና ሁለት ወራጅ (የትረሱ ተዳፋት እንጨት፣ ባለ 2.65 ሜትር) ይወጣል፤ ለ10 ወራጅ 5 አጣና። ሌላ 5 አጣና ለአግዳሚ (በትረሱ ሥር አግድም ለሚተኛው እንጨት)፤ እያንዳንዱ 4.10 ተቆርጦ ከሚተርፈው 1.90 ላይ አንድ የመሃል ቋሚ (0.80) እና አንድ ደጋፊ (1.06) ይወጣል። የቀሩት 5 ደጋፊዎች ከአንድ አጣና ይወጣሉ። ድምሩ 11፤ ሁለቱ ለጠማማ መጠባበቂያ። ከመግዛት በፊት እንዲህ በወረቀት ላይ መቁረጥ ብዙ እንጨት ያተርፋል።

ጥር 18 – የካቲት 1። መሠረትና ግድግዳ።

የድንጋይ ግንቡና ብሎኬቱ የግንበኝነት ተራ ስለሆነ እዚህ አጠር ይላል። አንድ ነገር ግን አናጢውን ይመለከታል፦ ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሞርታሩ 1፣ ስለዚህ አንድ ረድፍ 21 ነው። 10 ረድፍ 2.10 ሜትር ይሰጣል፤ የበሩና የመስኮቱ አናት እዚያ ላይ ያልቃል፣ የላይኛው ቢም (ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው አርማታ) በቀጥታ ያርፍበታል፣ ለብቻው የበር አናት አርማታ አያስፈልግም። በሩ መጀመሪያ ከብሎኬቱ ረድፍ ጋር ተስማምቶ ስለታቀደ ብሎኬት በመዶሻ እየሰበሩ መጠጋገን አልነበረም። ለ36 ሜትር ካሬ በ12.5 ሒሳብ 450 ብሎኬት ይወጣል፤ 480 ታዘዘ፣ 11 ተረፈ።

የካቲት 3፣ ሰኞ። የቢሙ ፎርምወርክ።

ቢሙ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሥሩ ግድግዳው ራሱ ስለሆነ ጣውላ የሚያስፈልገው ለሁለቱ ጎን ብቻ ነው፤ በበሩና በመስኮቶቹ ላይ ግን ሥሩም ይዘጋል። ውጭ 20 ሜትር፣ ውስጥ 18.40፤ በድምሩ 38.40 ሜትር። በ4 ሜትር ጣውላ 10 ይበቃል። ጣውላው 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፦ 20ው ለቢሙ፣ 5ቱ ግድግዳውን ይዞ እንዲቆም። ግድግዳውን የሚይዘው ይህ 5 ሳንቲ ሜትር ቸል ከተባለ የሲሚንቶው ውሃ በሥር ይወጣል፣ የቢሙ ታችኛው ጠርዝ እንደ ማር ቀፎ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ጎኖቹ በየ60 ሳንቲ ሜትር በእንጨት ማቀፊያ ተያዙ፣ በጥቁር ሽቦ ተጠመዘዙ፣ በውስጥ ልክ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እንጨት ገባ። ሽቦው ጎኖቹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቁራጩ ደግሞ ከ20 በታች እንዳይጠብ ይከላከላል፤ አርማታው ሲሞላ ቁራጩ ይወጣል። እርጥብ አርማታ እንደ ፈሳሽ ይገፋል፤ ለ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በየሜትሩ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት በአንድ ጎን ላይ ይመጣል፣ ቫይብሬተር ሲገባ ደግሞ ይጨምራል።

የፎርምወርክ ዘይት መቀባት ያለበት ብረቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ዘይት የነካው ብረት አርማታውን አይዝም። ዛሬ አንዱ ጎን ላይ ቅቡ ተረስቶ ብረቱ ሊገባ ሲል ተደርሶበት ቆመ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ። ብረት፣ እና ያልታሰበው 10 ሳንቲ ሜትር።

4 ባለ 12 ሚሊ ብረት፣ ስታፋው (አራቱን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ባለ 8 ሚሊ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትር። ለብረቱ ሽፋን 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ ስታፋው በውጭ 15 በ15 ይሆናል፤ 60 እና ለሁለቱ መንጠቆ 15፣ የመቁረጫ ልኩ 75 ሳንቲ ሜትር። ከአንድ 12 ሜትር ብረት 16 ስታፋ ያለ ቅሪት ይወጣል። 100 ስታፋ ለማግኘት 7 ብረት ተቆረጠ። ማዕዘን ላይ ብረቱ ቀጥ ብሎ አያልቅም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ በሌላኛው ጎን ይገባል። ቀጥ ብሎ ያለቀ ብረት ማዕዘኑን አያስርም፣ ኋላም ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አርማታው ከመሞላቱ በፊት ትረሶቹን የሚያስሩ ባለ 8 ሚሊ ብረቶች መቆም አለባቸው፤ በየትረሱ መቀመጫ ሁለት፣ 10 መቀመጫ፣ 20 ብረት። እያንዳንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በታችኛው ብረት ሥር ይጠመዘዛል፣ 45 ያህሉ ወደ ላይ ይወጣል። ነፋስ ጣሪያን ወደ ላይ ይስባል፤ የትረሱ ክብደት ብቻውን አይበቃም።

የትረሶቹ ርቀት ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል 5.80 ሜትር ሲሆን ለ4 ሲካፈል 1.45 ነው። ምልክቱ ከአንድ ጫፍ ሜትሩ ሳይነሳ በድምር ይደረጋል፦ ከግድግዳው ውጭ ጠርዝ 0.10፣ 1.55፣ 3.00፣ 4.45፣ 5.90። በየጊዜው ከቀደመው ምልክት 1.45 መለካት ትንንሽ ስህተቶችን ይደምራል። ምልክቶቹ ሁሉ አምረው ተቀመጡ። ግን ሰያፍ ሲለካ፣ ከአንዱ ጎን መጀመሪያ ምልክት ወደ ሌላው ጎን መጨረሻ፣ 6.85 እና 7.02 ሆነ፤ ሁለቱም 6.93 መሆን ነበረባቸው። በሁለተኛው ጎን ሜትሩ የተያዘው ከውጭ ጠርዝ ሳይሆን ከግድግዳው መሃል ነበር፣ ንባቡ ግን ያው 0.10 ብሎ ጀምሯል። ምልክቶቹ በሙሉ በ10 ሳንቲ ሜትር ሸሽተዋል። እርስ በርስ ሲታዩ ግን አንድም እንከን የላቸውም፣ አደገኛነቱም በዚህ ነው። ብረቶቹ በሽቦ ብቻ ስለታሰሩ በሩብ ሰዓት ተስተካከሉ። አርማታው ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ትረሶቹ በሙሉ ሰያፍ ይቆሙ ነበር ወይም ቢሙ በትራፓኖ ይበሳ ነበር።

የካቲት 6፣ ሐሙስ። አርማታ።

19.20 ሜትር በ0.20 በ0.20፣ 0.77 ሜትር ኩብ ይሆናል። ድብልቁ 1 ለ2 ለ3፤ 6 ከረጢት ሲሚንቶ። መለኪያው 50 በ40 በ18 የሆነ የእንጨት ሳጥን ነው፤ 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ጋር የሚቀራረብ ነው። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ መቁጠር አልተፈቀደም፤ የአንዱ አካፋ የሌላው አንድ ተኩል ነው። ውሃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፣ አሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ጨምሮ። ሠራተኛ ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ መጨመር ይፈልጋል፤ የጨመረው ውሃ ሲተን ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ጥንካሬውን የሚበላው ያ ነው። እርጥቡ አርማታ በኮን ተሞልቶ ኮኑ ሲነሣ 7 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ። ጎኖቹ ተፈቱ።

በበሩና በመስኮቶቹ ሥር ያለው ጣውላና ድጋፍ 14 ቀን ይቆያል። ጎኖቹ ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ወረዱ። በሰሜኑ ጎን አንድ ቦታ ላይ ቢሙ 1.5 ሳንቲ ሜትር አብጧል። ርቀቱ ሲለካ እዚያ ላይ በሁለት ማቀፊያዎች መካከል 95 ሳንቲ ሜትር አለ፤ የመስኮቱ ድጋፍ መንገድ ስለዘጋ አንድ ማቀፊያ ተዘሏል። ያበጠው የሚወጣው በልስን ነው፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ሁሉ ልስኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል ማለት ነው። የአንድ ማቀፊያና የአራት ምስማር ቁጠባ ወደ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዞራል።

ቢሙ በእርጥብ ጆንያ ተሸፈነ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ፣ ለ7 ቀን። የየካቲት ፀሐይና ደረቅ ነፋስ የአርማታን ውሃ ቶሎ ይወስዳል።

የካቲት 10፣ ሰኞ። የእንጨቱ እርጥበትና ትረስ በወለል ላይ።

ከአንዱ አጣና መሃል ላይ ቁራጭ ተወስዶ ተመዘነ፤ 412 ግራም። በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ቆይቶ 318 ሆነ። ልዩነቱ 94፣ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል 29.6 በመቶ። ወደ 15 ቢወርድ ይመረጥ ነበር። ያ ማለት ይህ ጣሪያ ከተመታ በኋላም ይደርቃል፤ እንጨት በቁመቱ ብዙም አያጥርም፣ በውፍረቱ ግን ይከሳል፣ ምስማሩም ይላላል። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹ በምስማር ብቻ አይተዉም፤ በላሜራ ይታሰራሉ፣ ተረከዙ ላይ (ወራጁና አግዳሚው የሚገናኙበት) ደግሞ ባለ 12 ሚሊ ብሎን ይገባል፣ ከስድስት ወር በኋላ ዳዶው እንደገና ይጠብቃል።

የትረሱ ልክ በጠመኔ በወርክሾፑ ወለል ላይ በሙሉ መጠን ተሣለ። ወርዱ 4.00፣ ከፍታው 0.70፤ ተዳፋቱ 19 ዲግሪ ገደማ። ከግድግዳ እስከ አናት ወራጁ 2.12 ሜትር፣ ወደ ውጭ 50 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ 2.65። የመሃል ቋሚው ከአናት እስከ አግዳሚው መሃል፣ ሁለቱ ደጋፊዎች ከቋሚው እግር እስከ ወራጆቹ መሃል።

የመሃል ቋሚው ሥራ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ምሰሶ ይመስላል፣ ግን ጣሪያውን አይሸከምም፤ ተንጠልጥሎ አግዳሚውን ወደ ላይ ይይዛል። የሚሳብ እንጨት ስለሆነ ከላይም ከታችም ካልታሰረ ምንም አይሠራም። ሁለት ምስማር ከጎን የተመታበት ቋሚ ኮርኒስ ሲሰቀል ይነቀላል። እዚህ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ በአግዳሚው ሥር ዞሮ በሁለቱም ጎን ወደ ቋሚው ተመታ።

አጣና እንደ ጣውላ ወጥ አይደለም፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይቀጥናል። ወለሉ ላይ ሲደረደር የሚገጥመው የላይኛው ጠርዙ ነው፤ መሃሉ አይደለም፣ ሥሩም አይደለም። ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) የሚያርፈው በላይኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ተረከዙ፣ ቀጭኑ ወደ አናት። ትንሽ የጎበጠ ወራጅ ከሆነ ጉብታው ወደ ላይ ይደረጋል፤ ክብደት ሲያርፍበት ይስተካከላል። ወደ ታች ከተደረገ ጣሪያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰምጣል።

የካቲት 11 እና 13 (የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነበር)። አምስት ትረስ።

በመጀመሪያው ትረስ ዙሪያ ወለሉ ላይ የእንጨት ጉማጆች ተመቱ፤ የቀሩት አራቱ በዚያው ቅርጽ ውስጥ ተገጠሙ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው መለካት የለም፤ ሁሉም ከአንዱ ይለካል።

ባህር ዛፍ ከጫፉ አጠገብ ሲመታ ይሰነጠቃል። የተሠራበት መንገድ፦ ለባለ 12 ሳንቲ ሜትር ምስማር በ4 ሚሊ መብሻ ቀድሞ ይበሳል፣ የምስማሩ ሹል ጫፍ በመዶሻ ይደነዝዛል (ሹሉ ክሩን እንደ ሽብልቅ ይፈልጣል፣ የደነዘዘው ግን ቀድዶ ይገባል)፣ ሁለት ምስማር በአንድ የእንጨት ክር መስመር ላይ አይውልም። ሳይበሳ የተመታ አንድ ወራጅ 30 ሳንቲ ሜትር ተሰንጥቆ ተጣለ፤ አንደኛው መጠባበቂያ አጣና ለሱ ዋለ። በሽቦ ጠርቆ ማስቀረት ይቻል ነበር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ተረከዝ ላይ የተሰነጠቀ ወራጅ ግን አይታመንም።

የካቲት 17፣ ሰኞ። ማቆም።

አንዱ ትረስ ወደ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ሰው፣ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። መጀመሪያ ሁለቱ ጫፍ ትረሶች ቆሙ፣ በቱምቢ ቀጥ ተደረጉ፣ በሰያፍ እንጨት ወደ መሬት ታሰሩ። በሁለቱ አናት መካከል ሲባጎ ተወጠረ። የመሃሎቹ ሦስት ወደ ሲባጎው ይመጣሉ። ጊዜያዊ ማሰሪያ ሳይደረግ ትረስ መደርደር ክልክል ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል፣ ከሥር ሰው ካለ ደግሞ የሚመጣው ይታወቃል።

ሦስተኛው ትረስ ከሲባጎው 2.2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። በአናቱ ላይ ስህተት የለም፤ አግዳሚው ከሌሎቹ ወፍራም ነው። መቀመጫው በመሮ 2.2 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወረደ። ከ10 ሳንቲ ሜትር አጣና ላይ ከሩቡ በላይ መቁረጥ አይገባም፤ 2.2 በዚያ ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ቢሆን ሌሎቹን በጠፍጣፋ እንጨት ማሳደግ ይሻል ነበር። ከዚያ የቆሙት ብረቶች በአግዳሚው ላይ ተጠመዘዙና ታጠፉ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ። ሞራሌ፣ የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት።

ሞራሌው 5 በ7፣ በየጎኑ 4 መስመር፤ የጣሪያው ርዝመት ከሁለቱ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጋር 6.80። መስመሮቹ 8፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ባለ 4 ሜትር፣ 16 ሞራሌ። መገናኛው በትረስ ላይ መሆን አለበት፣ ግን ሁሉም በአንድ ትረስ ላይ ከተገናኙ ያ ትረስ ደካማ መስመር ይሆናል። ስለዚህ አንዱ መስመር 3.40 እና 3.40 ሆኖ በመሃሉ ትረስ ላይ ተገናኘ፤ ቀጣዩ 1.95፣ 2.90፣ 1.95 ሆኖ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ። ሁለቱ 1.95 ከአንድ ሞራሌ ይወጣሉ። ከ3.40 የተረፉት 60 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች መገናኛውን በጎን ለማሰር ዋሉ።

ችግሩ የመጣው በመስመሮቹ ርቀት ላይ ነው። ወራጁ ለሦስት እኩል ተካፈለ፤ ከታችኛው ጫፉ ሲለካ 0፣ 0.87፣ 1.73፣ 2.60። በዓይን ሲታይ የሚያምር፣ በሒሳብም እኩል። ምስማሩ ተመቶ አለቀ። ከዚያ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ለሙከራ ሲቀመጥ ጉዳዩ ታየ። ቆርቆሮው 2 ሜትር ነው፤ ከወራጁ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ ላዩ 1.95 ላይ ያልቃል። የላይኛው ባለ 0.90 ቁራጭ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርብ 1.75 ላይ ይጀምራል። መደራረቢያው ከ1.75 እስከ 1.95 ነው፤ ሞራሌው ደግሞ 1.73 ላይ። ምስማሩ ሁለቱን ቆርቆሮ በሚይዝበት ቦታ ሥሩ ባዶ ነው። እንዲያው ቢተው ነፋስ መደራረቢያውን ያንሣል፣ ዝናብም በዚያ ይገባል።

ትክክለኛው አካሄድ ከቆርቆሮው ወደ ሞራሌው መሄድ ነው፦ መጀመሪያ መደራረቢያው የት እንደሚውል፣ ከዚያ አንድ ሞራሌ በመሃሉ ሥር፣ የቀሩት ከ90 ገደማ ሳይበልጡ በመካከል። ስለዚህ 0.03፣ 0.95፣ 1.85፣ 2.60። ርቀቶቹ 92፣ 90 እና 75 ናቸው፤ እኩል አይደሉም፣ መሆንም አያስፈልጋቸውም። አራት የመሃል መስመሮች ተነቅለው በሚቀጥለው ቀን እንደገና ተመቱ፤ ሙሉ ቀን። ይህን ስህተት ልምድ ባላቸው ሰዎች ጣሪያ ላይም ማየት ይቻላል፤ አንድ ቆርቆሮ ሳያስቀምጡ ሞራሌ የመምታት ልማድ መቅረት አለበት።

የካቲት 24፣ ሰኞ። ክዳን።

ቆርቆሮው ተደራርቦ 75 ሳንቲ ሜትር ስለሚሸፍን በየጎኑ 9 ሙሉ፣ 9 ቁራጭ። ከአንድ ሙሉ ሁለት ቁራጭ ይወጣል፤ ጠቅላላው 27። በግቢው ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ከምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከምሥራቅ ጫፍ ተጀመረ፣ የምዕራቡ ቆርቆሮ በምሥራቁ ላይ እንዲያርፍና ነፋሱ በመደራረቢያው አፍ እንዳይገባ።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከጠርዝ ሲባጎ ጋር በስኳድራ ተያዘ። እዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ቢዘም በዘጠነኛው ላይ መሰላል ይሆናል። ምስማሩ ከነጎማው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል፣ በቦዩ ውስጥ አይደለም፤ ውሃ የሚሄደው በቦዩ ነው። ጎማው እስኪነካ ድረስ ብቻ፤ ጉብታው እስኪጨፈለቅ ከተመታ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ዙሪያውም ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል። አናቱ ላይ የሁለቱ ጎን ቆርቆሮዎች የሚገናኙበት በአናት ክዳን ተሸፈነ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ። በር።

ክፍተቱ 90 በ210። መቃኑ በውጭ 88 በ209፤ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለሽብልቅ። እንጨቱ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ፣ 5 በ10፣ ለበሩ መቀመጫ 1.2 ሳንቲ ሜትር ደረጃ የወጣለት። ማዕዘኑ በወንዴና ሴቴ (ምላስና ቀዳዳ) ተገጠመ፤ የወንዴው ውፍረት የእንጨቱ አንድ ሦስተኛ ነው፣ ባለ 16 ሚሊ መሮ ስላለ 16 ሚሊ ተደረገ። መጀመሪያ ሴቴው ይቆፈራል፣ ከዚያ ወንዴው በሱ ልክ ይላጋል፤ ወንዴን መቀነስ ይቻላል፣ ሰፋ ያለን ሴቴ ግን መመለስ የለም።

የበሩ ሳንቃ 79.8 በ203.9፤ በ6 ጣውላ፣ ሦስት አግዳሚ፣ ሁለት ሰያፍ። ሰያፉ ከማጠፊያው ጎን ታች ተነሥቶ ወደ ቁልፉ ጎን ላይ ይወጣል፤ የበሩን ክብደት ገፍቶ ወደ ታችኛው ማጠፊያ የሚያወርደው በዚህ አቅጣጫ ብቻ ነው። በተቃራኒው ከተመታ በሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በቁልፉ በኩል ይወርዳል፣ ወለሉንም ይፍቃል። ሁለት ቡድኖች በወረቀት ላይ ሣሉት፤ አንደኛው ገልብጦ ነበር። ጣውላዎቹ በየመካከላቸው 1 ሚሊ ተተወላቸው፤ በየካቲት ድርቀት ተጨናንቆ የተሠራ በር ሐምሌ ላይ ያብጥና አይዘጋም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ። ዝናብ።

ማታ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ዘነበ። ውስጡ ሲፈተሽ ሁለት ቦታ ጠብታ አለ። አንደኛው በደቡብ ጎን ባለው በሁለተኛው ሞራሌ ላይ ነው፤ ምስማሩ ከመጠን በላይ ተመቶ ጎማው ተሰንጥቋል። ምስማሩ ወጥቶ ከነአዲስ ጎማው ተተካ። ሁለተኛው በሰሜን፣ ቦይ ውስጥ የተመታ ምስማር ነው። እሱ በመተካት አይድንም፤ ተነቅሎ ቀዳዳው በማስቲሽ ተደፈነ፣ ከላዩ ትንሽ ላሜራ ተለጠፈ፣ አዲሱ ምስማር ከጎኑ ባለው ጉብታ ላይ ገባ። መደራረቢያው ላይ፣ ሞራሌው በተዛወረበት መስመር ሁሉ፣ እርጥበት የለም።

ቀሪው አሸንዳ ነው፤ በየጎኑ 6.80 ሜትር። በሜትር 5 ሚሊ ተዳፋት ሲሰጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መንጠቆዎቹ በየ70 ሳንቲ ሜትር ይመታሉ፤ ሁለቱ ጫፎች በውሃ ልክ ቱቦ ተይዘው በመካከላቸው ሲባጎ ይወጠራል፣ ቀሪዎቹ መንጠቆዎች በሱ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ይጀመራል።